የንጉሡ ቁልፍ

እኔ የምለው፣ ጅቡቲ ተቀምጦ ባሕር ያጣ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሬዲዮ ጣቢያ አለ። ራስ ዲካ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አጠገባችን ነው፤ መስኮት ከተከፈተ ማዕበሉ ቤት ድረስ ይሰማል። የድራማችን አዘጋጅ ጋሽ ሰይፉ ግን መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ለድራማው የባሕር ድምፅ እንዲሆን ሳፋ ውስጥ ውሃ ያንቦጫርቃል። ምነው ብዬ ብጠይቀው የዚህ አገር ባሕር የግሪክ አይመስልም አለኝ። ግሪክን የት እንዳያት አልጠየቅኩትም።

በሳምንት አንድ ቀን እዚህ ላለው ሐበሻ የአማርኛ ድራማ እናስተላልፋለን። ጋሽ ሰይፉ የስደተኛ ታሪክ ሰልችቶታል። ሰው የራሱን ኑሮ ሰምቶ ምን ይጠቀማል ይላል። ስለዚህ ከጥንት የግሪክ ተረት የተወሰደ ልብ ወለድ አመጣና ለሬዲዮ አዘጋጅልኝ አለኝ። ንጉሥ በባሕር ሄዶ ሃያ ዓመት ይጠፋል። ንግሥቲቱ ትጠብቃለች። ሲመለስ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ምስጢር ጠይቃ ታረጋግጥና ይታረቃሉ። የት ነበርክ ሲባል አማልክት ይዘውኝ ነው፤ አለቀ። እኔ ድሬዳዋ ላለችው ሚስቴ ሦስት ዓመት ሙሉ "ለበዓል እመጣለሁ" ስል ይህቺን ሰበብ ባውቃት ኖሮ ስንት ውሸት ይተርፈኝ ነበር!

ድራማው በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። ቀድቶ ለማስተካከል ከሰዓት በኋላ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ጫት ከገባ በኋላ ደግሞ በዚህ ከተማ ማንን ትሰበስባለህ? አንድ ጊዜ ሞክረን ንጉሡ ከመረቀነ በኋላ አንዷን ገጽ እያስረዘመ ሊጨርሳት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት፣ በቀጥታ፣ የተሳሳተም እንደተሳሳተ ሆነ።

ንጉሡን የሚጫወተው ጀማል ነው። አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ድምፁን ስትሰሙት ዘውድ የደፋ ነው የሚመስለው፤ ሁልጊዜ ደግሞ ልንጀምር ሁለት ደቂቃ ሲቀረን ነው እየሮጠ የሚደርሰው።

የመጨረሻው ክፍል ቀን ንግሥቲቱን የምትጫወተው ልጅ ድምፅዋ ተዘጋ። ጋሽ ሰይፉ ፀጉሩን ሊነጭ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ምን ይሻላል ስል አንዲት ሴት መጣች። ዘይነባ ትባላለች፤ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ሳምቡሳ ትሸጣለች። ያን ንጉሥ የሚሆነው ሰውዬ ጀማል ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነው አልኳት። ባሏ ነው ለካ! ከስድስት ዓመት በፊት የመን እሻገራለሁ ብሎ ከድሬዳዋ ወጥቶ ጠፋ። እሱን ፍለጋ እዚህ ድረስ መጣች። ባሕር በልቶታል ያሏት አሉ፤ ሳዑዲ ነው ያሏትም አሉ። ያለፈው ሳምንት ሬዲዮ ከፍታ ስትጠብስ ድምፁን ሰማች፤ ሳምቡሳው እንዳለ አረረ።

"ወንድሜ፣ እንዳላለቅስለት ሬሳ የለ፤ እንዳላገባ ሞቷል የሚለኝ የለ። እኔ ምንድነኝ?" አለችኝ።

ማንበብ ትችያለሽ ወይ አልኳት። እችላለሁ አለች። የንግሥቲቱን ጽሑፍ ሰጠኋት። ጋሽ ሰይፉ ሴት ድምፅ በመገኘቱ ብቻ አላህንም ማርያምንም አመሰገነ።

ጀማል ያን ቀን ጭራሽ አርፍዶ እየሮጠ ሲገባ የስርጭቱ ቀይ መብራት በርቶ ነበር። አያት። ደርቆ ቀረ። ጋሽ ሰይፉ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ተናገር እያለ እጁን ያወናጭፋል።

ዘይነባ ጽሑፉን ዘቅዝቃ አስቀመጠችው። ባሌ ከሆንክ ስትሄድ ከቤቴ ምን ይዘህ ሄድክ ብላ ጠየቀችው። ያ የንጉሥ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ በቀጭኑ፣ የበሩን ቁልፍ አላት። ስመለስ ሳላንኳኳ ልግባ ብዬ።

"የትኛው አምላክ ነው የያዘህ?"

"ባሕሩን ሳየው ፈራሁ፤ አልተሻገርኩም። ባዶ እጄን መመለስ ደግሞ አፈርኩ።"

ጽሑፌ ላይ እዚህ ጋ "ይተቃቀፋሉ" ይላል። እሷ እጇን ዘረጋችና ቁልፌን መልስ አለችው። ከኪሱ የቁልፍ ዘለላ ሲወጣ፣ የእሷ ከሌሎቹ ሲፈለቀቅ፣ መዳፏ ላይ ሲያርፍ ተሰማ። ስድስት ዓመት ይዞት ኖሯል፣ ጉድ እኮ ነው። ተነስታ ወጣች።

ጋሽ ሰይፉ እስከ ዛሬ ያቺን የቁልፍ ድምፅ እኔ ነኝ ያዘጋጀኋት ይላል። የጣቢያው ስልክ ግን ያን ቀን አላረፈም። ሴቶቹ ድገሙልን ይላሉ፤ ወንዶቹ የግሪክን ባህል አበላሻችሁ ብለው ይቆጣሉ። ለግሪክ ይህን ያህል ተቆርቋሪ እንዳላት እኔ አላውቅም ነበር።

እኔም ማታውን ሚስቴ ጋ ደወልኩ። በኢንተርኔት ሰምታዋለች። መጨረሻው ያንተ ብዕር ነው ወይ አለችኝ፤ አልዋሽም፣ አዎ ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ያንተስ ቁልፍ አለ ወይ አለች። ኪሴን ዳበስኩ፤ አለ። ታዲያ በሩን ይከፍታል ወይ አልኳት፣ በቀልድ አስመስዬ።

"በስልክ አይነገርም" አለችኝ። "መጥተህ ሞክረው።"