የፓክ ቱኪራን ካሴት ለመወደድ ሃያ አንድ ዓመት ስለፈጀበት ምክንያት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሁድ፣ ጁን 16 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ ሶሎ ከተማ፣ የክላምፖክ ሰፈር ማኅበር፣ የሊቀመንበሩ በረንዳ
ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ እንደ ወትሮው 10፡20 ተጀመረ።
የተገኙ፦ ሊቀመንበር ፓክ (አቶ) ሃርጆኖ፣ የሴቶች ተጠሪ ቡ (ወይዘሮ) ፓርቲኒ፣ ወፍ አርቢው ፓክ ዋጊማን (ከነወፋቸው)፣ ባለካሴቱ ፓክ ቱኪራን፣ ጸሐፊ ሱቲክኖ። ወፉ ሳይቆጠር ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የስብሰባው ምክንያት

ፓክ ቱኪራን በ2003 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ብቻቸውን የሠሩት ካሴት ዘንድሮ በየሠርጉና በየአውቶቡሱ እየተደመጠ መሆኑን ሊቀመንበሩ አስረዱ። ማክሰኞ የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው «እስከዛሬ የት ነበራችሁ?» ስለሚሉ ሰፈሩ አንድ መልስ እንዲይዝ አሳሰቡ።

ፓክ ቱኪራን አንድ ልመና እንዳላቸው ገለጹ። ማኅበሩ ካሴቱ በወጣበት በ2003 «ከቤት ቁጥር 14 አካባቢ የሚሰማው ድምፅ ቢቀር መልካም ነው» ብሎ ወስኖ ነበር። ቤቱ የእሳቸው ነው። ኪቦርዱ ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥር ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ስለደረሰና ጣታቸው መደንዘዝ ስለጀመረ ውሳኔው እንዲነሣላቸው ጠየቁ። ልመናው በ«ልዩ ልዩ» ሥር እንዲታይ ታዘዘ።

አጀንዳ 2፦ የመዘግየቱ ምክንያት

ቡ ፓርቲኒ ካሴቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚወዱት ተናገሩ። ሰምተውት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ክሩን መዘው ሩዝ ማሳቸው ላይ ለወፍ ማስፈራሪያ መዘርጋታቸውን፣ በጣምም እንደጠቀማቸው አስረዱ።

ፓክ ዋጊማን በበኩላቸው ካሴቱን በይሉኝታ ተቀብለው፣ ለውድድር ወፋቸው ማሠልጠኛ ሌላ ዜማ ስላልነበራቸው ጎጆው ሥር እንደከፈቱት አስታወቁ። ወፉ ለልጁ፣ ልጁም ለልጁ አስተማረ። አምና የልጅ ልጁ በውድድሩ አንደኛ ሲወጣ አገሩ ሁሉ «ዜማው የማነው?» አለ። «ሰፈሩ ያልሰማውን ወፌ ሰማው!» ብለዋል።

ቡ ፓርቲኒ፦ «ወፍዎ ሰነፍ ነበር በሉና! አንድ ዘፈን ሃያ አንድ ዓመት ይጠናል?»

ፓክ ዋጊማን፦ «ለማስፈራሪያ ካዋለው ሰው ይሻላል፣ ቡ!»

ለሩብ ሰዓት የሐሳብ ልውውጥ ተደረገ። አንድ ብርጭቆ ተሰብሯል፤ የተጠበሰው ቴምፔ (የአኩሪ አተር ቂጣ) አልተነካም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰፈሩ ካሴቱን ምንጊዜም ይወድ እንደነበር፣ መዘግየቱ የወፉ ጥፋት እንደሆነና ለወፉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። ፓክ ዋጊማን ወፉን ወክለው ተቃውመዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ የ2003ቱን ክልከላ ማንሣት እንደማይቻል ገለጹ። ምንጊዜም የሚወድ ሰፈር ክልከላ ሊኖረው አይችልም፤ የሌለ ደግሞ አይነሣም። ቡ ፓርቲኒ «ማን ነበር የፈረመው ግን?» በማለታቸው መዝገቡ ተገለጠ። የመጀመሪያው ፊርማ የፓክ ቱኪራን ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «እኔ ፊት መፈረም ጨንቋችሁ አየሁ። እንዲቀላችሁ ብዬ ቀደምኩ። ማታ ግን አልቅሻለሁ» አሉ።

ሦስተኛው ፈራሚ የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነው፤ አፍሯል።

ሊቀመንበሩ ነገሩ በቴሌቪዥን ቢወጣ ሁሉም እንደሚዋረድ አመልክተው፣ በዚህ ካሴት ጉዳይ ዛሬም ሆነ ከዛሬ በፊት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ፓክ ቱኪራን «የ2003ቱም ጭምር?» ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ለመገላገል ቸኩለው «ሁሉም ማለት ሁሉም ነው፣ ፓክ!» አሉ።

ፓክ ቱኪራን ውሳኔው ሁለት ጊዜ እንዲነበብ ጠየቁ፤ ተነበበ። አመስግነው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ስብሰባው እስከ 12፡30 ሊቆይ ታቅዶ የነበረ ቢሆንም፣ ከቤት ቁጥር 14 አካባቢ በሚሰማው ድምፅ የተነሣ መደማመጥ ስላልተቻለ 11፡40 ላይ ተዘግቷል።