አምስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ

ቅናት እንደ ጉንፋን ነው፣ ሦስት ቀን አስነጥሶ ይተዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሰይድን አያውቁትም። እኔ በሰይድ ስቀና ይኸው ስንት ዓመቴ። ደብቄውም አላውቅ። ሚስቴ ታውቃለች፣ የሐይቅ ከተማ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃል፣ ራሱ ሰይድም ያውቃል።

ሰይድ ዓሣ ነጋዴ ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ቱሪስት ሐይቃችንን ሊያጥለቀልቀው ነው ተባለና እንግሊዝኛ ያላወቀ ወዮለት ሆነ። ሁለታችንም ተነሳን። እኔ እንደ ደንቡ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። በቀን ሃያ ቃል እሸመድዳለሁ፣ ሰዋስውን ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። ሰይድስ? ደብተር የለው፣ እስክሪብቶ የለው። ከሰዓት በኋላ መረብ የሚጠግኑትን ዓሣ አጥማጆች ይሰበስብና በእንግሊዝኛ ተረት ያወራላቸዋል። ቃሉን አያውቁትም፤ ግን ይስቃሉ። እንቁራሪት የሚለው ቃል ቢጠፋበት ራሱ ይዘላል። እኔ እንቁራሪትን ከነብዙ ቁጥሯ አውቃታለሁ፤ አፌን ስከፍት ግን ሰው ያዛጋል። ይሄ ፍርድ ነው?

አንድ ቀን ሄጄ ያለፈውን ጊዜ ከአሁኑ ጋር ትደባልቃለህ አልኩት። «አብሽር አያሌው፣» አለኝ፣ «ዋናው ዓሣው መያዙ ነው።» ዓሣ አጥማጆቹ ሳቁ። የሳቁት በኔ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ያን ቀን የሆነውን ሁሉ አላወራም። ከባድ መሣሪያው ሲቀርብ የኔም የሰይድም ቤተሰብ አንድ ላይ በእግር ወደ ደሴ ወጣን። ትንሽ እንደሄድን መዝገበ ቃላቴ ትዝ አለኝ። የተሸከምኩትን ዱቄት መንገድ ዳር አስቀምጬ ተመለስኩ። መጽሐፉን ይዤ ስደርስ ዱቄቱ የለም። ሦስት ቀን ልጆቼ የሰይድን ቂጣ እየተካፈሉ በሉ። ሚስቴ ዛሬም ሊጥ ባቦካች ቁጥር ታነሳዋለች።

ስንመለስ መዝገብ ቤቱ ተዘርፎ ጠበቀኝ፤ ሰይድ ዓሣ የሚያመላልስበት ጀልባም የለም። ሁለታችንም እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። በዚህ መሃል አንድ የእርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ፈለገ። አንድ ሰው ብቻ። ፈተናው ቀላል ነው፤ በጦርነቱ የገጠማችሁን በአምስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ተርኩልን። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ያን ሁሉ የሸመደድኩት ለዚህ ቀን አይደል?

መጀመሪያ እኔ ገባሁ፤ ሰይድ ተራውን ውጭ ይጠብቃል። ሁለት ፈረንጆች ተቀምጠዋል። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ የወሎ ሰው ሳይጠያየቅ፣ ሳይመርቅ ወሬ ይጀምራል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የመንገዱን ድካም ጠየቅሁ። ልጆቻቸውን ጠየቅሁ፣ የአገራቸውን ዝናብ ጠየቅሁ፣ ከብት ካላቸው ብዬ ከብቶቻቸውንም ጠየቅሁ። ቀጥዬ መረቅኋቸው። ጎረቤትን የዘለለ ምርቃት ደግሞ እኛ ዘንድ ከጣራ አያልፍም። ስለዚህ «ውጭ ለተቀመጠው ወንድሜ ለሰይድም የእንጀራ በር ይክፈትለት» አልኩ። በእንግሊዝኛ፣ ሰዋስው ሳላዛንፍ። ያለው አፌ ነው፤ ልቤ አልነበረበትም። አሜን እስኪሉ ስጠብቅ ጊዜህ አለቀ አሉኝ። ታሪኩ ገና አልተነካም።

ሰይድ ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። አያሌው ለሁለታችንም መርቋል፣ እኔ አሚን ብያለሁ፣ አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ አላቸው። የማን ታሪክ ውስጥ ገባ? የኔ። መዝገበ ቃላቱ፣ ዱቄቱ፣ የሚስቴ ቁጣ። ሩጫዬን ሮጦ ሲያሳያቸው ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ፈረንጆቹ ሳቁ። ልጆቼ ቂጣውን ሲካፈሉ ላይ ሲደርስ ግን አንደኛው ሲናፈጥ ሰማሁ። እኔም ውጭ ቁጭ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በገዛ ታሪኬ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ከዚህ የበለጠ ምን የሚያናድድ ነገር አለ?

ሥራው ለማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። አሁን መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በመኪና ያልፋል። በየቅዳሜው ዓሣ ይዞልን ይመጣል። ዓሣው ይጣፍጣል፤ እሱም ያናድደኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ታሪኬን ሰረቅኸኝ አልኩት። «ታሪኩን ብቻ መች ሆነና፣» አለኝ፣ «ሥራውንም ያገኘሁት ባንተ ዱዓ ነው፤ ወላሂ። አሁን ደግሞ የቢሮው ኃላፊ ሊያደርጉኝ ያስባሉ። እስቲ አንዴ መርቀኝ።»

ምን ላድርግ? ለደሞዝ ጭማሪ ግሸን ድረስ በእግሬ ወጥቼ ለምኜ አልተሰማልኝም። ከዕድሜ ልክ ልመናዬ የደረሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ለሰይድ። ያገሬ ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል። ሰይድ እሱንም አላጣ፤ እኔ አለሁለት።

ዓሣውን በላሁና መረቅሁት። በደንብ አድርጌ፣ ሚስቴ እስክትገረም ድረስ መረቅሁት። በአማርኛ ነው ታዲያ፤ በእንግሊዝኛማ እንደሚሰማብኝ አይቻለሁ።