ከወፏ ጀርባ ያለው ነገር

ይሄን ወሬ ግማሹን ያቀበለችኝ ሃዋ ናት፤ ካሜራውን የሸጠችው፣ የፎቶ ቤቱ የአብዲ ሚስት። ሌላውን ግማሽ ያቀበልኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ጣጣው የመጣውም ከእኔ ግማሽ ነው።

መቼም ሰው ጎረቤቱን ያያል። የማያይ ካለ ወይ ዓይኑን ታሟል፣ ወይ አጥሩ ግንብ ነው። የኔ አጥር ቆርቆሮ ነው። ያውም አሮጌ፣ ከዚህ በፊት የሌላ ሰው ጣሪያ የነበረ፣ የሚስማር ቀዳዳ የሞላበት። ቀዳዳውን እኔ አልበሳሁትም። ድስት ሳጥብ ዓይኔ በቀዳዳው ቢያልፍ ጥፋቱ የማን ነው? ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በሰፊ በር ከሚያይ ሰው ይልቅ በሚስማር ቀዳዳ የሚያይ ሰው ነገሩን አጥርቶ ያያል። እኔ ይሄን በልምድ አውቀዋለሁ። መምህር አስናቀ ግን ይሄን ለማወቅ አንድ ሙሉ ፊልም ጨረሰ፤ ሳይፈረድበት የቀረውም ለጥቂት ነው።

መምህር አስናቀ ከጎጃም ተመድቦ ጅጅጋ የመጣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ቀጭን፣ ትሁት፣ ሱሪውን ራሱ የሚተኩስ ላጤ። ከአጥሬ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ጊዜው ጦርነቱ ካለፈ ጥቂት ዓመት የሆነው፣ ካራማራ ላይ ወታደር እንደሰፈረ የሚውልበት፣ ባልም ሚስትም ጓድ የሚባልበት ጊዜ ነው።

ታዲያ የተማሪዎቹ መጽሐፍ ላይ ያሉት ወፎች የኛ አገር ወፎች አይደሉም። በረዶ ላይ ነው የሚቆሙት። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ የኛዎቹ ወፎች አይማሩም ወይ?» ብለው ሳቁበት። እሱ ደግሞ የሳቅ ነገር ከሆዱ አይወጣለትም። ደብረ ማርቆስ እያለ አይቷት የማያውቃት፣ ጀርባዋ ሰማያዊ ሆዷ እንደ ብርቱካን የሆነች ወፍ ደጁ ላይ በየጠዋቱ ትመጣለች። እሷን አንስቼ የመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ አለ። ይሄ ሁሉ ድካም ለቀለሟ መሆኑ ነው። የተገኘው ፊልም ጥቁርና ነጭ መሆኑን ማንም አልነገረው።

ካሜራውን ያመጣችለት ሃዋ ናት። ሃዋ ዕቃ የምታመጣው ከድንበር፣ በሐርተሼክ በኩል ነው። እንዴት እንደምታመጣው አትጠይቁኝ፤ ጅጅጋ የኖረ ሰው አይጠይቅም። ሽቶ፣ ሻሽ፣ ራዲዮ፣ ቴርሞስ፣ አንድ ቀን ደግሞ ካሜራ። ካርቶን የለው፣ የአጠቃቀም መጽሐፍ የለው። መምህር አስናቀ አገላብጦ አየና «ሃዋ፣ ይሄ ሁሉ ቁጥር ምንድን ነው?» ቢላት «መዓሊን፣ እኔ ዕቃ ነው የምሸጠው፤ አስተማሪው አንተ አይደለህ? አንብበው!» አለችው። እውነቷን ነው፤ መዓሊን በነሱ ቋንቋ አስተማሪ ማለት ነው።

ባሏን አብዲን ቢጠይቅስ? ጠየቀው። አብዲ ለከተማው ሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ የተከበረ ባለሙያ ነው። የሱ ካሜራ ቁጥሮች ግን ማንም እንዳይነካቸው በፕላስተር ተለጥፈዋል። ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት ጆሮ ይታያል፣ አለቀ። ወፍ ወንበር ላይ ቁጭ እንደማትል ሲነግረው አብዲ አዘነለት፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ መምህሩ ራሱን ማስተማር ጀመረ። አጥሬ ሥር ድንጋይ አስቀምጦ፣ ድንጋዩ ላይ የተፋቀ የብረት ሳህን አኑሮ ውኃ ሞላበት። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለና ለካሜራው ዓይን የሚሆን ቀዳዳ ቀደደበት። ብርድ ልብሱ አዲስ ነበር! ካሜራውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አጋድሞ፣ ፀሐይ ቀላ ስትል ከበስተኋላው ይንበረከካል። ወፏ ስትመጣ አንዷን ቁጥር ያዞራል፣ ቀጭ ያደርጋል፣ ደብተር ላይ ይጽፋል። እንደገና ያዞራል፣ ቀጭ፣ ይጽፋል።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ዝም ብላችሁ ድስት ታጥባላችሁ?

የሚስማሩ ቀዳዳ ብርድ ልብሱን እንጂ ደብተሩን አያሳይም። ስለዚህ ከጦርነቱ የተረፈ የጥይት ሣጥን ነበረኝ፣ እሱን ገልብጬ ቆምኩበት። አገጬ ልክ ከቆርቆሮው በላይ ዋለ። ወፎቹ ለምደውኛል፤ ትንፋሼን ይዤ እንደ ምሰሶ ቀጥ እላለሁ። መምህሩ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ደጅ ወጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ደብተሩን ይገልጣል። እኔም የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አለኝ። አነበብኩ። «2 — 1000። 4 — 250። 8 — 60። 16 — 15።» ከሥሩ ደግሞ «ጀርባው አልጠራም። ነገም በዚሁ ሰዓት።»

ከእኔ ግቢ ጀርባ ምን አለ? ወደ ካራማራ የሚወስደው መንገድ! በመንገዱ የሚያልፈው ማነው? ወታደር! በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሁለት ታንክ፣ ሺህ ወታደር። አራት ታንክ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ወታደር። ታንኩ እየበዛ ሲሄድ ወታደሩ ማነሱ ትንሽ አደናግሮኝ ነበር፤ የጦር ሒሳብ ሌላ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እኔ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያውም በሹክሹክታ። ያውም ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ። ስኳሬን ተቀብዬ ስወጣ ወሬው ከፊቴ ወጥቶ መምህሩ ሰርጎ ገብ ተብሎ ነበር፤ ቤቴ ስደርስ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች መምህር አስናቀን ከነካሜራው፣ ከነደብተሩ፣ ከነብርድ ልብሱ ይዘውት ሲሄዱ አየሁ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር። ፈሪ ሊቀመንበር ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ በላይ አካል ይልካል። ፊልሙ ይታጠብ አለ። ከወፍ ሌላ ነገር ከሌለበት መምህሩ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ አንዳች ነገር ከተገኘ ግን ሐሙስ በሚሄደው መኪና እሱም ፋይሉም ሐረር ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ወደ በላይ አካል የሄደ ፋይል መቼ እንደሚመለስ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሰውየውም እንደ ፋይሉ ነው።

ያን ስሰማ ጨነቀኝ። ደብዳቤዬን ሁሉ የሚጽፍልኝ ሰው ነው እኮ! ሽሮ ሠርቼ በሳህን ይዤለት ቀበሌ እስር ቤት ሄድኩ። በመስኮቱ ተቀበለኝና «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ በለጡ። ማን ይሆን እንዲህ ያስወራብኝ?» አለኝ። እኔም «ሰው ክፉ ነው ልጄ፤ ሰው ክፉ ነው» አልኩት። ስወጣ በሩ ላይ ከሃዋ ጋር ተገጣጠምን። እሷም ምግብ ይዛ መጥታለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ኤዶ፣ ሽሮውን ሠራሽ። ወሬውንስ ማን ሠራው?» አለች። ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው፤ ስታከብረኝ እንዲህ ነበር የምትጠራኝ። ያን ቀን ግን ማክበሯ አልመሰለኝም።

ቀጥሎ ያለው የሃዋ ግማሽ ነው። አብዲ ፊልሙን በጓዳው አጥቦ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሲያወጣ በሕይወቱ እንደዚያ ተጨንቆ አያውቅም አለችኝ። ለሰው ነፍስ አይደለም ጭንቀቱ፤ ለሙያው ነው። «ይቺ ልጅ ፊቷን አዙራለች! ጆሮዋስ የት አለ? ይሄን ማን ይቀበለዋል?» እያለ ወፏን ይቆጣ ነበር። ከወፏ ጀርባ ያለውን ነገር ልብ ብሎ አላየውም። ጉርድ ፎቶ አንሺ ጀርባ አያይም፤ ጀርባው ሁልጊዜ መጋረጃ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ፣ መምህር አስናቀ በጥበቃው አጠገብ፣ አብዲና ሃዋ በአንድ ወገን፣ እኔ ምስክር ነኝና ፊት ወንበር ላይ። ሊቀመንበሩ ደብተሩን ገለጠ፤ አብዲ ፎቶዎቹን በተራቸው ይዘረግፋል።

«ሁለት፣ ሺህ» ብሎ ሊቀመንበሩ አነበበ። ፎቶዋ ተቀመጠች። ወፏን ብታዩዋት! እጅ ሰዶ የሚይዟት ትመስላለች፤ መንቁሯ ላይ የተንጠለጠለችው የውኃ ጠብታ እንኳ ትታያለች። ከጀርባዋ ግን ሁሉም ጭጋግ ነው፤ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ጥቁር ክብ ነገር ብቅ ብሏል። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ አደረገ። «ከወፏ ጀርባ ያለው ምንድን ነው?» መምህሩ አጎንብሶ አየና «የተሰጣ ልብስ መሰለኝ ጓድ» አለ። እኔ መታገስ አልቻልኩም። «ልብስ? ልብስ እንዲህ ክብ ይሆናል? ይሄ መሣሪያ ነው ጓድ! የማንም ይሁን የማን ተፈልጎ ይያዝልን!» አልኩ። ጥበቃው አንገቱን አስግጎ «ራዳር ይመስላል» ብሎ አገዘኝ።

«አራት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ።» ጭጋጉ ሳሳ ብሏል። ክቡ ነገር ከሥሩ ትከሻ አውጥቷል። ሊቀመንበሩ «ተሸፍኗል» አለ። «አዎ፣ ጨርቅ አልብሰውታል! ሊደብቁት ነዋ!» አልኩ እኔ። ሊቀመንበሩ አንድ ነገር ጽፎ አሰመረበት። ሐሙስ ነገ ነው።

«ስምንት፣ ስልሳ።» እዚህ ላይ የወፏ ክንፍ መደብዘዝ ጀመረ። ጨርቁ ግን ነጠብጣብ አወጣ። ሃዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። «ኤዶ፣ ይሄን ነጠብጣብ ሻሽ ከሐርተሼክ ሁለት ነው ያመጣሁት። አንዱ ቤቴ አለ። ሁለተኛውን ለማን ነው የሸጥኩት?» አለች። እጄ ሳላዘው ወደ ራሴ ሄደ። አስሬዋለሁ።

«አስራ ስድስት፣ አስራ አምስት።» ወፏ የለችም፤ በቦታዋ አንዲት ጭጋግ ቀርታለች። ከጭጋጓ ኋላ ግን የቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከቆርቆሮው በላይ፣ አገጯን አስደግፋ፣ አንገቷን አስረዝማ፣ አፏን ከፍታ፣ እኔ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠርቼ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ በቀስታ ቀና አለ። «ጓድ በለጡ።» «አቤት።» «ተፈልጎ ይያዝልን ነበር ያሉት?»

ምን ልበል? እኔን አትመስልም አልኩ። አብዲ የቀሩትን ዘረገፋቸው። ከሠላሳ ስድስቱ ፎቶ ሠላሳ አንዱ ላይ አለሁ። በአምስቱ ላይ ያልተገኘሁት የስኳር ሰልፍ ስለነበረ ነው።

ያኔ መምህር አስናቀ፣ ተከሳሽነቱን ረስቶ፣ ማስተማር ጀመረ። ለካ በካሜራው ውስጥ እንደ ዓይን ብሌን የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሲሰፋ ያተኮሩበትን ብቻ አጥርቶ ሌላውን ጭጋግ ያደርገዋል። ሲጠብ ከፊት ያለውም ከኋላ ያለውም ይጠራል። ይሄንንማ ቢጠይቀኝ አጥሬን አሳይቼ እነግረው ነበር! ሁለተኛው ቁጥር ጊዜ ነው፤ ሺህ ማለት ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ አንዱ ቁራሽ። ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ እንዲበቃ ጊዜው ይረዝማል፤ ጊዜው ሲረዝም የተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል፣ የቆመ ይጠራል። «እትዬ በለጡስ ለምን አልታዩህም?» ቢለው ሊቀመንበሩ፣ «ካሜራው ለዓይኔ የሚያሳየኝ በሰፊው ቀዳዳ ነው ጓድ፤ የሚጠበው ቀጭ ሲል ብቻ ነው። እኔ ያየሁት ጭጋግ ነው» አለ።

«ወታደር የለበትማ?» «የለበትም።» ሊቀመንበሩ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። ያሰመረበትን ወረቀት ግን ቀደደው። ካሜራውን መለሰ፤ ደብተሩን መለሰ፤ ብርድ ልብሱንም።

ወደ ቤት አብረን ሄድን። በሬ ላይ ስንደርስ ቆም ብሎ «እትዬ በለጡ፣ እርስዎ ግሩም ነዎት፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሲነሱ አንዴ እንኳ አልተንቀሳቀሱም። ያልታገሰችው ወፏ ናት። ግን አይቀየሙኝ፤ ክፍል የምሰቅላት እርስዎ የጠፉባትን ነው» አለኝ። ሳህኑን ከአጥሬ ሥር አንስቶ ወደ ማዶ ወሰደው። እኔም የጥይት ሣጥኑን አነሳሁ። የሚስማሩ ቀዳዳ ግን አለ።

በዚያው ወር የቀበሌ መታወቂያ ይታደስ ተባለ። የአብዲ የፎቶ ወረቀት አልቋል፤ ከድሬዳዋ አልመጣለትም። ሊቀመንበሩ ሳቁን እየዋጠ «እትዬ በለጡ አዲስ ፎቶ አያስፈልጋቸውም፤ አላቸው» አለ። አብዲ አስራ ስድስት የተባለችውን ፎቶ አወጣና መቀሱን አነሳ። «ጆሮ ይታያል፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ» ብሎ መሰከረ።

መምህር አስናቀ ወደ ደገሀቡር ተዛወረ፤ እዚያ ሚስት አገባ፤ በኋላ አገሩ ገባ። ወፏ ያለችበት ፎቶ መንግሥት እስኪለወጥ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ነበረች። ሊቀመንበሩ መንግሥት ሲለወጥ ሻይ ቤት ከፈተ። አብዲ ሞተ። ሃዋ ባቢሌ ናት፤ ኦቾሎኒ ትነግዳለች። እኔ እዚሁ ነኝ። መታወቂያዬም አለ፤ አፌ እንደተከፈተ ነው። ከቀኝ ጆሮዬ ሥር፣ መቀሱ የሳታት፣ አንዲት ትንሽ ጭጋግ አለች። ወፏ ናት።