የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለቀስተኞች

በምድር ላይ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ ነገር አይቶ ዝም ማለት የማይችል መምህር አለው። ዳኑብ ዳር ያለችው ትንሿ የቡልጋሪያ ከተማችን ግን የባሰው ደርሷታል። ክብርት ወይዘሮ ዝላትካ፣ የሥዕል መምህርት፣ የጥያቄ ሊቀ ሊቃውንት፣ "ዛሬ ይበርዳል" ቢሏቸው "ማነው ያለው?" ይላሉ።

ሌላው የሥዕል መምህር አበባ በጠርሙስ አቁሞ "ሳሉ" ይላል። እሳቸው እግሯ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ከመንገድ አንስተው ጠረጴዛ ላይ አወጧት። ልጆቹ እርሳስ መቅረጽ ጀመሩ።

"አትሳሏት! መጀመሪያ ማን እንደተቀመጠባት ንገሩኝ።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራከሩባት። በመጨረሻ ከጣሪያ አንጠለጠሏትና "የዘመናችን ጥበብ ይኸው" ተባለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ቆሻሻ ውስጥ ጣለቻት፤ ሁለቱንም ጊዜ ለምን እንደጣለቻት ለልጆቹ እንድታስረዳ በክብር ተጋበዘች።

እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ክፍሌ ገብተው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ባለ ጢም ባለቅኔዎች ቆጠሩና "ልጄ፣ ሴቶቹ የት ሄደው ነው?" አሉኝ። ፊቴ ቀላ። መልሱን ለማዘጋጀት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ እስከዚያ እንዳላገኛቸው በሌላኛው ደረጃ ነበር የምወርደው።

በጸደይ ወራት ዳይሬክተራችን አቶ ራደንኮቭ ከሁለቱ የሥዕል ክፍለ ጊዜዎች አንዷን ነጥቀው ለሂሳብ ሊሰጡ ወሰኑ። ወይዘሮ ዝላትካ አልጮኹም። ልጆቹን ጠየቁ፦

"በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያነበው ምንድን ነው?"

"የሞት ማስታወቂያ!" አለች ቪሊያና። እውነቷን ነው፤ በየበሩና በየዛፉ የሚለጠፈው እሱ ነው።

ሠሩት። ዙሪያው ጥቁር፣ በፎቶግራፍ ፈንታ ጸጉሩ የረገፈ ብሩሽ። "ውዷ ሁለተኛዋ የሥዕል ክፍለ ጊዜያችን ተለየችን። ስንብት ሐሙስ ረፋድ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ።"

የከተማችን አሮጊቶች ግን ማስታወቂያ የሚያነቡት ያለ መነጽር ነው። "ሥዕል" እና "ተለየችን" የሚሉትን አዩ፤ የቀረውን ራሳቸው ሞሉት። ሐሙስ ረፋድ ላይ የተቀቀለ ስንዴ በሳህን፣ አበባ በጥንድ ቁጥር ይዘው መጡ። እኛ ዘንድ ጥንዱ የሙት ነው፤ ለሕያው ጎዶሎ ነው የሚሰጠው። ከኋላቸው የቀድሞ ተማሪዎች፣ አውቶቡስ ነጂው፣ ዳቦ ጋጋሪው።

በሩ ላይ ወይዘሮ ዝላትካ ቆመዋል።

"አንቺ!" ብለው ጮኹ ጎረቤታቸው እማማ ፔንካ። "ሞተሻል እኮ!"

"ማነው ያለው?"

"ተጽፏላ! ከንጋት ጀምሮ ሳለቅስ ነው ያረፈድኩት። ይሄ ሁሉ እንባ የማን ሊሆን ነው?"

"የሥዕል ክፍለ ጊዜያችን ነው፣ እማማ" አለች ቪሊያና። "ዳይሬክተሩ ናቸው የገደሏት።"

"ራደንኮቭ? ያ በልጅነቱ አጥሬ ላይ በከሰል ፈረስ የሳለው ቅሌታም?" እንባቸውን ጠረጉ። "ፈረሱ ግን ፈረስ ነበር። ሁለት ክረምት አላስጠፋሁትም።"

የሙት አበባ ወደ ቤት አይመለስም። ስለዚህ ለቀስተኛው ሁሉ ተሰልፎ ገባና አበባውን አቶ ራደንኮቭ ጠረጴዛ ላይ ከመረው። ዳይሬክተሩ አመድ መሰሉ።

"በእናታችሁ አንሱልኝ! እኔ በሕይወት ነኝ!"

"ክፍለ ጊዜዋስ?" አሉ እማማ ፔንካ።

አቶ ራደንኮቭ ከየእቅፉ አንድ አንድ አበባ እየመዘዙ እቅፉን ሁሉ ጎዶሎ አደረጉት። "እሷም..." አሉ ቀና ሳይሉ፣ "እሷም በሕይወት ናት።"

ያቺ ክፍለ ጊዜ ዛሬም አለች። በዚያ ሰዓት እኔ ስለማላስተምር ኋላ ገብቼ እቀመጣለሁ። ወይዘሮ ዝላትካ ለምን እንደምመጣ ጠይቀውኝ አያውቁም። በከተማችን ይህን ያህል ቸርነት ከእሳቸው ያገኘሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።