ለሩጫ አንተ፣ ለቃሬዛ አንቱ

እናንተ ሰፈር ዕድሜውን በቱታ የሚቀንስ ሰው አለ? እኛ ደብረ ታቦር ጋሽ አስማረ አሉ። ጡረታ በወጡ ማግስት ቱታ ገዙና፣ የጉና ብርድ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ማለዳ ሶምሶማ ጀመሩ።

"መጠነኛ ስፖርት ልብ ያጠነክራል፣ ዕድሜን ወደ ኋላ ይመልሳል። ከእንግዲህ አንተ በሉኝ" ብለው አወጁ።

ሐኪሙም ይህንኑ ነው የሚለው። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ ማን ነኝና እከራከራለሁ? አንተ አልነው። እውነት ለመናገር ሰውዬው አማረበት።

ክረምት ላይ እናቴ በጠና ታመመች። ጭቃው ባጃጅ ስለማያስወጣ በቃሬዛ ሐኪም ቤት ልንወስዳት ተነሳን። ሦስት ሰው ሆንና አራተኛ ትከሻ ጠፋ። ይሄኔ አስማረ ላብ በላብ ሆኖ ከሩጫው ሲመለስ አገኘሁት።

"አስማረ፣ ናማ አንዱን ጫፍ ያዝልኝ።"

ቆመና ወገቡን ያዘ። "አንተ ልጅ፣ የአባትህን እኩያ እንዲህ ታዛለህ? አንቱ አይባልም?"

"እሺ፣ ይያዙልኝ።"

"ሽማግሌ ደግሞ ሸክም ይችላል እንዴ?" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከቤሩት የተመለሰችው ጎረቤታችን ስንዱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና አራተኛውን ጫፍ አነሳች። እናቴ ተረፈች።

ሰሞኑን ጋሽ አስማረ በበራችን ሲሮጡ "እናትህ ተሻላት?" አሉኝ። ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ።

"ተሽሏታል፣ አባባ። እርስዎስ ጉልበትዎን እንዴት አደሩ?"

"አንተ በለኝ ብዬህ የለ?"

እንግዲህ ምን ላድርግ? ዕድሜ በሩጫ ይመለስ ይሆናል፤ አንቱታን ለምኖ የወሰደ ሰው ግን ሮጦ አያመልጠውም።