ያልደረሰኝ መልእክት

ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር የሚያነጋግር ባል አግብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለኝ። ሥራው ቀላል ነው ይላል፤ አንዱ ፕሮግራም መልእክቱን ወረፋ ውስጥ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ሌላው ሲመቸው ያነሳል። ፊት ለፊት መገናኘት አያሻቸውም። ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካላለ ግን መልእክቱ እንደገና ይላካል።

ትዳራችንም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። እኔ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ኮንየርስ ከተማ ባለ መጋዘን የማታ ሺፍት ነኝ፣ እሱ ቀን ይሠራል። እሱ ድምፁን ቀድቶ በስልክ ቮይስ ይልካል፣ እኔ ስነቃ ሰምቼ «ደርሶኛል» እላለሁ። መልእክት አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሰውየው ነው።

ባለፈው ሰሞን መንገዱ በረዶ ሠርቶ አትላንታ በሙሉ ተዘጋችና ሁለታችንም ቤት ዋልን። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና። አንተስ?»

ወሬያችን አለቀ። የገዛ ባላችሁ እንዲህ እንግዳ ሆኖባችሁ ያውቃል? ጌታው ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። «በጣም ናፍቀሽኛል» ይላል ቮይሱ። «ደርሶኛል» አላልኩም። ደግሞ ላከ። አሁንም «ደርሶኛል» አላልኩም። በመጨረሻ በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ።

«አልደረሰሽም እንዴ?»

ሕጉን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። አጠገቤ ያለውን ትራስ አንሥቼ መቀመጫ ለቀቅኩለትና፣

«አልደረሰኝም» አልኩት።