የዶሮው ላስቲክ

ሰው ሲያየኝ ኤርታይም፣ የሞባይል ካርድ ማለት ነው፣ ይጠይቀኛል። እውነቴን ነው። ክሊኒክ ወረፋ ይዤ፣ መጽሐፌን ገልጬ፣ መነጽሬን ሰክቼ ተቀምጬ እንኳ አንዷ ጠጋ ትልና «ጎጎ፣ ኤርታይም አለሽ?» ትለኛለች። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ እሱስ ይሁን። ግን ኤርታይም ከየት አባቴ አመጣለሁ? ጆሃንስበርግ ውስጥ ሐበሻ የሆነ ሁሉ ሱቅ አለው ብለው ደምድመዋል። አንድ ሐበሻ ሶዌቶ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ አዩ፣ ሁለተኛውንም አዩ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ማየት አቆሙ። የጅምላ ፍርድ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ማየት ሲሰለቸን።

በዚህ ስናደድ ኖሬያለሁ። እኔ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ይህን አገር ሳልረግጠው በፊት የወንዞቹን ስም በቃሌ አውቅ ነበር። ከመጣሁ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ባሌን እዚሁ ቀብሬያለሁ፤ ከቤቴ ግድግዳዎች አንዱ ከላይ እስከ ታች መጽሐፍ ነው። እንዴት ባለሱቅ እባላለሁ?

ልብ በሉልኝ። የተናደድኩት ሰውን ሁሉ በጅምላ ስለፈረጁ አልነበረም። ከባለሱቅ ጋር ስለቆጠሩኝ ነው። ልዩነቱ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ጎረቤቴ ሸምሱ ይባላል። የስልጤ ሰው ነው፤ ክሊፕታውን ውስጥ የጅምላ መደብር አለው። በምንኖርበት በሜይፌር ሰፈር የእሱን ጓሮና የእኔን ጓሮ የሚለየው ደረቴ ድረስ የሚመጣ የጡብ አጥር ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ አጥር ላይ ሰላም ስንባባል ኖረናል። ሚስቱ ሙኒራ በየአረፋው ትጠራኛለች። ባደግንበት አገር ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ፣ እስላሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ሙኒራ ክብሬን ጠብቃ ለብቻዬ ሽሮ ትሠራልኛለች። አስቡት እንግዲህ፤ ቤቱ በሥጋ ሽታ ታውዶ፣ እኔ በልዩ ሳህን ሽሮዬን ይዤ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ስበላ። እንዲህ ያለ መከባበር ሌላ ቦታ አላየሁም። እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ሸምሱን ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ እወደዋለሁ እንጂ ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር። ነጋዴ ምን ያነባል? ካርቶን ከማውረድና ካርቶን ከመጫን ሌላ ምን ያውቃል? በሆዴ ይህን እያልኩ ነው በአፌ ደህና አደርክ የምለው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ቤት ተዘጋብን። ቤተ መጻሕፍቱም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ። ያሉኝን መጻሕፍት ደግሜ አነበብኳቸው፤ ልሠልስ ስጀምር ሙኒራ ታመመች። ሸምሱም አብሮ ታሞ ነበር፤ እሱ ቶሎ ቀና አለ። እሷ ግን እህል አልወርድ አላት። ሆስፒታሉ ሞልቷል፣ ቤቷ ትታከም ተባለ። እሱም ከግቢ እንዳይወጣ ታዟል፤ የመደብሩ ሰዎችም ተኝተዋል። ሽሮ ሠርቼ አጥሩ ላይ አስቀመጥኩ፤ እንዳለ ተመለሰ። ምስር ሠራሁ፤ ተመለሰ። በአምስተኛው ቀን ሸምሱ ማስኩን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ከአጥሩ ርቆ ቆሞ፣ የዶሮ መረቅ ብቻ አማረኝ አለች አለኝ። ድምፁ የሸምሱ ድምፅ አልነበረም።

እኔ ዘንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ዶሮ አለ። ግን እንዴት አድርጌ? ዝም ብዬ ሠርቼ ልስጥ? ታማ የተኛች ሴትን እምነቷ የማይፈቅደውን ላብላት? ወይስ ልተወውና በረሃብ ትለቅብኝ? ወጥ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። በመጨረሻ ወጥቼ እውነቱን ነገርኩት።

«ሸምሱ፣ ዶሮስ አለኝ። ግን የክርስቲያን ነው።»

«ከየት ገዙት፣ እትዬ?»

ከሱፐርማርኬት ነዋ አልኩት። ፈረንጅ የሸጠው ሥጋ የክርስቲያን ነው፤ ይህን የተጠራጠረ ሐበሻ ገጥሞኝ አያውቅም።

«እስቲ ከነላስቲኩ ያምጡት።»

አመጣሁና አጥሩ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ዶሮውን ገለበጠው። በጀርባው፣ ከክብደቱ ሥር፣ ጥፍር የምታክል ክብ ማኅተም አለች። በጣቱ አሳየኝና ራቅ ብሎ፣ ያንብቡት አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ሐላል ትላለች። ያ ሁሉ መጽሐፍ ሲነበብ፣ ላስቲክ ላይ የተጻፈ ነገር ጽሑፍ መሆኑን ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

«ይሄን ዶሮ መግዛት የጀመሩት መቼ ነው?»

ከመጣሁ ጀምሮ፣ አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ማስኩ ግን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። በአምስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ድስቴስ፣ ችግር የለውም ወይ አልኩት።

«ድስትዎማ ከሰለመ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እትዬ።»

አንተ በምን አወቅህ ብዬ ጠየቅኩት። እሱ ወደ መደብሩ የሚገባን ዕቃ እስከ መጨረሻው ፊደል ሳያነብ አይቀበልም። ሰው የሚበላውን እየሸጥኩ እንዴት ሳላነብ አለኝ። እንግሊዝኛውንም አፍሪካንሱንም የተማረው ከካርቶን ላይ ነው። ያ እኔ የናቅኩት ካርቶን።

መረቁን ሠራሁ። ሙኒራ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ማንኪያ ጠጣች፣ በማግስቱ ግማሽ ኩባያ። በሦስተኛው ቀን፣ እትዬ አስካለ ሚጥሚጣ አልቆባቸው ነው ወይ ብላ ላከችብኝ። ያን ጊዜ እንደዳነች አወቅኩ፤ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ።

ለነፍስ አባቴ በስልክ ተናዘዝኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቆይተው፣ ሱፐርማርኬቱ የትኛው ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የፍሪጅ በር ሲከፈትና ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ፤ ከዚያ በርቺ ልጄ ብለው ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሸምሱ ወሬውን ሳይቆጥብ አዳረሰው። አሁን የትኛውም የሐበሻ ሱቅ ብገባ ልጆቹ ዕቃውን አንስተው ጮክ ብለው ያነቡልኛል። «እማማ፣ ይሄ ሳሙና ነው» ይሉኛል፣ አፋቸውን በማስካቸው ሸፍነው። የተማረ ሰው ሁሉ ላስቲክ አያነብም ብለው ደምድመዋል። እንዴት በአንዲት ሴት የተማረ ሁሉ ይፈረድበታል? ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቃሉን ደግሜ ሰማሁት፤ «የተማረ» ነው ያሉት። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ በዚህ ከተማ ኤርታይም ሳይጠይቁኝ ምሁር ያሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው።

አፌን ዘጋሁ። ሳሙናዬን ይዤ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ። ይህችን ፍርድ ማንም እንዳያርምብኝ።